ወረዳ የሚያክመው ሐኪም

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር መጀመሪያ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ቀጥሎ መስኮት ይከፍታል፤ የዓባይን ድልድይ ሲሻገር ላቡን ይጠርጋል። ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ሲደርስ ደግሞ ያንኑ ጋቢ መልሶ ይደርባል። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ድልድዩ ያለበት የሸለቆው ወለል ግን ከእርሷ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ተራ የማባዛት ሒሳብ ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ለዘመናት የጤናና የሕመም ድንበር ሆኖ ኖሯል። አባቶቻችን ወደ ሸለቆው የሚወርደውን ሰው በዚያው እንዳያድር አጥብቀው ይመክሩ የነበረው ንዳድን ፈርተው ነው።

እኛ በዚህች ከተማ ተወልደን ያደግን ስንሆን ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እናስተምራለን። ባለፈው ጥቅምት ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ደጀን ሄደን ነበር። ያረፍንበት ቤት አባወራ በሸለቆው ካለው እርሻቸው ማሽላ ሲጠብቁ ሰንብተው ተመልሰው፣ በወባ ታመው ገና ማገገማቸው ነበር። ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፈና ሕክምና ለማጥናት የቆረጠ ወጣት ነው። ስለ ሕክምና ዘርፎች ስንጨዋወት የኅብረተሰብ ጤናን አነሣንለት። ወጣቱ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እሱማ ሐኪም አይደለም፤ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት የሚጽፍ ነው» አለን። እናቱም ከምድጃው አጠገብ ሆነው፣ «ሐኪም ማለትማ ለአባትህ መድኃኒት ሰጥቶ ያስነሣቸው ነው» ሲሉ ልጃቸውን ደገፉ። በዚያ ምሽት የሰጠነው መልስ እኛን ራሳችንን አላረካንም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሳችን ነው።

አቋማችንን አስቀድመን እንግለጽ። የኅብረተሰብ ጤና ሐኪም እጅግ ብዙ ነፍስ ሊያድን የሚችል ሐኪም ነው። ይህ የሚሆነው ግን ዕውቀትና ሥልጣን ሲገናኙለት ነው። በዩኒቨርሲቲ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ የሚለካውን ነገር ማዘዝ አይችልም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ የቀረ እንደ ሆነ የሚያዝዘውን ነገር መለካት ይረሳል። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ሐኪም የሥራ ዘመን በሁለቱ ቤቶች መካከል መመላለስ የሚችል መሆን አለበት። አገራችን ይህን መንገድ አልፎ አልፎ ከፍታዋለች፤ በተዘጋ ቁጥርም ዋጋ ከፍላለች እንላለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለት ዲግሪ ጉዳይ

የደጀኑን አባወራ ሕመም በሁለት መንገድ መመልከት ይቻላል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ደማቸውን መርምሮ የወባን ተውሳክ ያገኛል፤ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሥራውም ምስጋና የሚገባው ነው። የኅብረተሰብ ጤና ሐኪም ግን ሌሎች ጥያቄዎችን ይጨምራል። በዚህ ሳምንት ከሸለቆው ስንት ሰው ታሞ ወጣ? ባለፈው ዓመት በዚሁ ሳምንትስ? ከታመሙት ውስጥ ማሽላ ሲጠብቅ ሜዳ ያደረው ስንቱ ነው? በቤት ውስጥ የተሰቀለ አጎበር ሜዳ ለሚያድር ሰው ምን ይጠቅመዋል? ከደጋው ፈጽሞ ሳይወርድ የታመመ ሰውስ አለ ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሙቀት ጉዳይ ነው። ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚያረዝመውና የሚያሳጥረው ሙቀት ነው። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛ ዝርያ የሚፈልገውን የቀን ብዛት ለመገመት ተመራማሪዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ቀላል ቀመር አለ፦ ከአየሩ ሙቀት ላይ 16 ይቀነሳል፤ 111 ለተረፈው ይካፈላል። በ25 ዲግሪ 12 ቀን፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ 55 ቀን ያህል ይሆናል። ወደ 16 ዲግሪ እየቀረብን ስንሄድ የቀኑ ቁጥር መጨረሻ ያጣል። አብዛኞቹ ትንኞች አንድ ወር እንኳ ስለማይኖሩ በ18 ዲግሪ ተውሳኩ ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች፤ በ20 ዲግሪ ግን ጥቂቶቹ ይደርሳሉ። አንድን የወይና ደጋ መንደር ከወረርሽኝ የሚለየው ድንበር አንዳንዴ እነዚህ ሁለት ዲግሪዎች ናቸው።

ይህ የጥቁር ሰሌዳ ጨዋታ አይደለም። በ1958 በአገራችን ዝናቡ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ከወትሮው በዛ፤ ወባም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው አካባቢዎች ወጣ። የዚያ አገር ሕዝብ በሽታውን ከዚያ በፊት በብዛት ስላልለመደው ሰውነቱ የሚቋቋምበት ዐቅም አልነበረውም። በ1961 የታተመ አንድ ጥናት የታመሙትን ወደ 3 ሚሊዮን፣ የሞቱትን ወደ 150,000 ገምቷቸዋል። «ገምቷቸዋል» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን። የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚያህል ሰው ሲያልቅ በየመንደሩ የሚቆጥር አልነበረም። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት አይሆንም።

ጉዳዩ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ የአገራችንንና የኮሎምቢያን ደጋማ ቦታዎች ያነጻጸረ ጥናት፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት እንደሚወርድ አሳይቷል። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ አሚር ሲራጅ ነው።

ጎንደር ያስተማረችን

ከ1958ቱ እልቂት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በጣና ዳር ባለችው ደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅታ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ በምሥረታው ተሳትፈዋል። በወቅቱ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ በጥቂት ከተሞች ተከማችተው ይሠሩ ነበር። ኮሌጁ ሐኪም እስኪበዛ አልጠበቀም። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን ጎን ለጎን አሠልጥኖ እንደ አንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ላከ። ጤና መኮንኑ ያክማል፤ ነርሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። የሦስቱም ታካሚ አንድ ነበር፤ እርሱም አካባቢው ነው።

በዚህ ኮሌጅ የምናደንቀው ነገር ትምህርቱ ከመንግሥት ሥራ ጋር የተጋመደ መሆኑን ነው። ተማሪው የሚማረው ነገ በሚያስተዳድረው ጤና ጣቢያ ዓይነት ቦታ፣ በሚያገለግለው ሕዝብ መካከል ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ወደ ሕክምና ትምህርት ሲዞር የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ እንደ ገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ሐኪም ማሠልጠኑ ተገቢ ነበር። ሆኖም አንድን መንገድ ለመክፈት ሌላውን መዝጋት ግድ እንዳልነበረ ኋላ የተደረገው ራሱ ይመሰክራል።

ቁጥሩ ሲጨምር ያልደነገጠ ሐኪም

የኅብረተሰብ ጤና ሐኪም ምን እንደሚሠራ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ማሳየት ቢያስፈልገን ሲሮ ዴ ኳድሮስን እንመርጣለን። ብራዚላዊ ነው፤ ነገር ግን ስሙን ያስጠራው ሥራ በእኛ ተራሮችና ሸለቆዎች የተሠራ ነው። በ1940 የተወለደው ይህ ሐኪም በአገሩ ሕክምናን፣ ቀጥሎም የኅብረተሰብ ጤናን ተማረ፤ በዚያው በመንግሥት የፈንጣጣ መከላከል ሥራ ልምድ ካገኘ በኋላ በ1970 የዓለም ጤና ድርጅት ኤፒዴሚዮሎጂስት ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

የፈንጣጣ ማጥፊያው ፕሮግራም በኢትዮጵያ በጥር 1971 ተጀመረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው ታማሚ ከ1,000 ያነሰ ነበር። ፕሮግራሙ በተጀመረበት ዓመት ግን የታማሚው ቁጥር ከ26,000 በላይ ሆኖ ተመዘገበ። በሽታው በአንድ ዓመት እንዲህ ተባዝቶ ነውን? አይደለም። ፈላጊ ስላገኘ ነው። በላቦራቶሪ የተሻለ መነጽር ስንተክል ቀድሞ ያልታዩን ከዋክብት እንደሚበዙልን ሁሉ፣ በየመንደሩ እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ሲመደብ የተሰወረው ታማሚ ወጣ። በቁጥሩ የሚያፍር ሹም ቢሆን ኖሮ ሪፖርቱን ያለዝበው ነበር። ዕውቀት ያለው ሐኪም ግን የቁጥሩን መጨመር የሥራው መጀመሪያ አድርጎ ተቀበለው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖር ነበር። በደጋው አገር ፈንጣጣን ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ የቆየ ልማድ ስለሆነ ብዙ ሰው አዲሱን ክትባት ይጠራጠር ነበር፤ በጎጃም ገጠርም ተቃውሞው የበረታ ነበር። ክትባትና ክታብ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት በሆኑበት አገር ከከታቢው ጋር አብሮ የሚያስረዳ ሰው ማስፈለጉ አያስደንቅም። ከአስቸጋሪዎቹ ቦታዎች መካከል የሰሜን ተራሮችና የዓባይ ሸለቆ ይገኙበታል። ኢትዮጵያውያኑ ሠራተኞች፣ ከእነርሱም ጋር ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ የመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ ይህን ምድር አዳረሱት።

ሕዝቡን ሁሉ ለመከተብ የሰውም የገንዘብም ዐቅም አልነበረም። ስለዚህ የተመረጠው ዘዴ ታማሚውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ቶሎ መክተብ ሆነ። ፈንጣጣ የያዘው ሰው ምልክት እስኪያሳይ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ፈጣን ቡድን በሽታውን ቀድሞ መክበብ ይችላል። ፊዚክስም የድርሻውን አበርክቷል። ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀችው መርፌ ለአንድ ሰው የሚበቃውን ጠብታ በሁለቱ ጥርሶቿ መካከል የምትይዘው በፈሳሹ የገጽ ውጥረት ነው። በቅዝቃዜ የደረቀው ክትባትም በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ያህል ሳይበላሽ መቆየት ስለቻለ ያለ ማቀዝቀዣ ቆላ ወረደ። በ1976 የተመዘገቡት ታማሚዎች 915 ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ በአገሪቱ የመጨረሻው ታማሚ ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ዴ ኳድሮስ ከዚህ ወጥቶ በአሜሪካ አህጉር የጤና ድርጅት የክትባት ሥራን መራ። የሕፃናት ልምሻ በዚያ አህጉር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1991 በፔሩ ነው። በሥራ ዘመኑ በዩኒቨርሲቲዎችም አስተምሯል፤ በ2014 ዐረፈ። በኢትዮጵያ ታማሚን ፈልጎ በማግኘት የተማረውን ወደ ሌላ በሽታና ወደ ሌላ አህጉር ወሰደው፤ ለተማሪዎቹም አስረከበው። የሥራውና የትምህርቱ ክር አልተበጠሰም ማለት ነው። ከሀብቱ ተካፋይ ልንሆን የሚገባን እኛ፣ ከዚያ ትምህርት የቱን ያህል አስቀርተናል?

ሁለቱ ቤቶች ሲራራቁ

መንገዱ ጨርሶ አልጠፋም። የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሟ ዶክተር ሊያ ታደሰ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ኃላፊ ነበሩ፤ በ2018 የጤና ሚኒስትር ዴኤታ፣ በመጋቢት 2020 ሚኒስትር ሆኑ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው በተሾሙበት ሳምንት ነው። በ2024 ሥልጣናቸውን ካስረከቡ በኋላ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ለሚኒስትሮች የሚሰጠውን የአመራር ፕሮግራም ይዘዋል። ስለ ሥልጣን ዘመናቸው የሚሰጠው ፍርድ ለሌላ ጊዜ ይቆየንና፣ ከኮሌጅ ወደ ሹመት፣ ከሹመት ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለስ እንደሚቻል ለተማሪው ማሳያ ነው። በ2009 የተጀመረው የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ሥልጠናም ሌላ ምሳሌ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጤና ሚኒስቴር በጋራ የሚያካሂዱት ሲሆን ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በሥራ ቦታ ያሳልፋል። በአማራ ክልልም ከሳተላይት የሚገኘውን የዝናብና የሙቀት መረጃ ከጤና ጣቢያዎች ሳምንታዊ ቁጥር ጋር አዛምዶ ወባን አስቀድሞ ለመተንበይ የተሞከረ ሥራ አለ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ቤቶች አሁንም ተራርቀዋል። እኛም የዚህ ጥፋት ተካፋይ ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የጤና ሳይንስ መምህር ጋር ሆነን የአንድን አካባቢ የሙቀት መረጃ ከወባ ታማሚዎች ቁጥር ጋር ልናነጻጽር ተነሣን። ቁጥሩን ከአንድ መሥሪያ ቤት ለማግኘት ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ሲጻፍ ስምንት ወር አለፈ። ቁጥሩ እጃችን ሲገባ ያሳሰበን ወረርሽኝ መጥቶ ሄዶ ነበር። በወቅቱ እጅግ ተማርረናል። ነገር ግን ሥራችንን ስንጨርስ ምን አደረግን? በእንግሊዝኛ ጽፈን ወደ ውጭ አገር መጽሔት ላክነው፤ ለደረጃ ዕድገትም አስቆጠርነው። ለዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ ጽፈን መስጠት ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። እነርሱ መረጃውን በመሳቢያ ቆለፉበት፤ እኛ በመጽሔት ቆለፍንበት።

የመራራቁ ዋጋ ትንሽ አይደለም። በ2019 በአገሪቱ በዓመት የተመዘገበው የወባ ታማሚ ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። በ2024 ግን ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎችና 1,157 ሞት መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ጦርነት ጤና ጣቢያዎችን አውድሟል፣ የአጎበርና የርጭት ሥራን አስተጓጉሏል፤ ተውሳኩ መድኃኒት መልመድ ጀምሯል፤ በከተማ የምትራባ አዲስ የትንኝ ዝርያ ገብታለች፤ የአየር ጠባዩም ይለዋወጣል። ሐኪም ብቻውን ጦርነትን አያስቆምም። ቢሆንም እያንዳንዱ ምክንያት መለካትንም ማዘዝንም ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ቃጠሎው ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅን ይሻል።

የሚሰነዘረው ተቃውሞ

የደጀኗ እናት ያሉት ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪም ባነሰበት አገር አንዱን ሐኪም ከታማሚ አልጋ አንሥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ብክነት ይመስላል። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሲደራረብበት የተማረውን የረሳ፣ ሪፖርት አሳማሪ ሆኖ የቀረ ባለሙያ እንዳለም አንክድም። መልሳችን ግን ይህ ነው፦ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሠማራ። በ1990 ከ1,000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2012 ቁጥሩ 68 ደረሰ። ለዚህ ብዙ ነገር አስተዋጽኦ አድርጓል፤ ነገር ግን በአንድ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ብቻ በመቆም የሚገኝ ውጤት አይደለም። በወንበር ላይ የተቀመጠ ሐኪም ብክነት የሚሆነው ከወንበሩ ሆኖ ታማሚው ካልታየው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየዞኑ የጤና መምሪያና በአቅራቢያው ባለው ዩኒቨርሲቲ መካከል የጋራ የሥራ መደብ ይኑር፤ ለምሳሌ የምሥራቅ ጎጃም ሐኪም የሳምንቱን ግማሽ በመምሪያው፣ ግማሹን በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መሥራት ቢችል። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራን ዕድገት ሲሰጡ ወረዳው የተጠቀመበትን ጥናት ከውጭ መጽሔት ጽሑፍ እኩል ይቁጠሩት። ሦስተኛ፣ የታማሚን ስም የማይገልጥ ሳምንታዊ ቁጥር በየጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣ ባለሙያም አይወቀስበት። የፈንጣጣው ታሪክ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ ደብዳቤ የማያስፈልገው ሥራ አለ። የደጀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አንድ ቴርሞሜትር በጥላ ሥር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጎ ይስቀል። ሌላውን በሸለቆው ያለ ቤተሰብ እንዲይዝ ያድርግ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይነበብ፤ በደብተር ይጻፍ፤ በየሳምንቱ አማካዩ ይወጣና የጤና ጣቢያው ቁጥር በሚገኝበት ጊዜ ከጎኑ ይሰፈር። ከ111 ጋር ያለውን ማካፈል የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

ያ ወጣት ዘንድሮ ሕክምና ጀምሯል። ሰባት ስምንት ዓመት ቆይቶ ሐኪም ሆኖ ሲመለስ እንዲህ ያለ ደብተር ቢያገኝ፣ የአባቱ ሕመም ከስንት ሰው ሕመም ጋር በአንድ ሳምንት እንደዋለ ያያል። ያን ጊዜ ቢሮ ገብቶ ሪፖርት መጻፍ ይፈልግ ወይም አይፈልግ ምርጫው የራሱ ነው። የሚጽፈው ነገር ግን ይኖረዋል።